የሐጃን ስኳር ስጠብቅ

ኤደን ውስጥ፣ መንሱራ በሚባለው ሰፈር፣ አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠራተኛነት ኖርኩ ብል ውሸት አይሆንም፤ ሙሉ እውነትም ግን አይደለም። ዋናው ሥራዬ የአንዲት አሮጊት አፍ መጠበቅ ነበር።

የቀጠረችኝ ልጃቸው ናት። አስተማሪ ነበረች፤ ቤት ውስጥም ስታወራ ፈተና የምታወጣ ትመስላለች። በመጀመሪያው ቀን ወጥ ቤት አስቀምጣኝ ሥራውን ስትነግረኝ ጽዳቱን፣ ዓሣውን፣ የሦስቱን ልጆቿን ልብስ እንደ ነገሩ አለፍ አለፍ አደረገችው። እናቷ ጋ ስትደርስ ግን ጣቷን አነሳች። እናቷ የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ጣፋጭ ነገር በአፋቸው እንዳይዞር። አቧራ ብተው ይቅር ትለኛለች፣ ሩዝ ባሳርር ይቅር ትለኛለች፤ ይህን ከሳትኩ ግን ሻንጣዬን ራሴ ላዘጋጅ።

እናትየውን ሁሉም ሐጃ ነበር የሚላቸው፤ እኔም ከዚያ ሌላ ጠርቻቸው አላውቅም። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ቢደክምም እጃቸው አልደከመም። ሊጠይቃቸው የሚመጣ ዘመድ ሁሉ የጣፋጭ ካርቶን ይዞ ይመጣል፤ ካርቶኑን አስተማሪዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ ከመቆለፉ በፊት ግን ሐጃ ሁለት ሦስት ፍሬ ያስቀራሉ። ብስኩት ከትራስ ሥር አገኛለሁ። በወረቀት የተጠቀለለ ሐላዋ ከስፌት መኪናው መሳቢያ አገኛለሁ። የሟች ባላቸው ኮት ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ አንድ ቀን ኪሱ ረጥቦ አይቼ እጄን ብሰድ ባስቡሳ ነው፣ ያ በሰሚድ ዱቄት ተጋግሮ ስኳር ውኃ የሚጠጣው ኬክ። እጄን ስዘረጋ ሐጃ ‹‹አላህ ይይልሽ›› እያሉ ያስረክቡኛል። እኔም እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ኮስተር ብዬ እቀበላለሁ። እውነቱን ለመናገር ራሴን በጣም አደንቅ ነበር። ከእኔ የሚያመልጥ ከረሜላ አልነበረም።

ችግሩ የተያዘው ዕቃ የት ይግባ ነው። ወደ ቁም ሳጥኑ እንዳልመልሰው ቁልፉ የለኝም። ለልጆቹ እንዳልሰጥ እናታቸው ስለ ጥርሳቸው ከሐጃ ስኳር ባልተናነሰ ትጨነቃለች። መጣል ደግሞ አይታሰብም፤ እኔ ባደግኩበት በወሎ ቁራሽ መሬት ላይ ብትወድቅ ተስማ ትነሳለች እንጂ አትጣልም። እናም እበላው ነበር። ወጥ ቤት ቆሜ፣ በግራ እጄ ድስት እያማሰልኩ፣ በቀኜ የሐጃን ሐላዋ።

ይህን ስናገር ሆዳም እንዳልባል አንድ ነገር ልጨምር። ኤደን እንደመጣሁ መጀመሪያ የሠራሁት ተዋሂ፣ ወደቡ አጠገብ ያለ ቤት ነበር። እዚያ የልጆች ብስኩት ጎደለና እመቤቲቱ ቦርሳዬን ወለል ላይ ገልብጣ ፈተሸችው። ብስኩት አላገኘችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ቤት ከድርሻ ምግቤ በቀር በእጄ ቢያስጨብጡኝ እንኳ ምንም አልቀምስም ብዬ ምያለሁ። ስለዚህ ሐጃ ቴምር ሲሰጡኝ ‹‹በቃኝ›› እላለሁ። ከእንግዳ የተረፈ ኬክ ቆርሰው ሲያቀርቡልኝ ‹‹ጠግቤያለሁ›› እላለሁ። ክብሬ ነው። የተወረሰ ዕቃ ግን ሌላ ነገር መሰለኝ፤ እሱ የሥራዬ ክፍል ነበርና ክብሬን አይነካም።

በዓመቱ ዐባያዬ ጠበበኝ፤ አሰፋሁት። በሦስተኛው ዓመት ውኃ ጥም ያዘኝ። ኤደን ውስጥ በሐምሌ የማይጠማው ማን አለ ብዬ አለፍኩት። ሽንቴን ቶሎ ቶሎ ሲለኝ ውኃ ስለጠጣሁ ነው አልኩ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ ደግሞ ክሩን ተሳደብኩ።

ሐጃን በየሦስት ወሩ ወደ ክሊኒክ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የእሳቸው ደም ተለክቶ ውጤቱ ሲወጣ ዶክቶራዋ ማሻአላህ አለች። መነጽር ያደረገች ወጣት የኤደን ልጅ ናት። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ውጤት አይታ እንደማታውቅ ተናግራ ይህችን ልጅ ከየት አገኛችኋት ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ደረቴን ነፋሁ። ሐጃ የዙሁር ሶላታቸውን ሊሰግዱ ወደ ጓዳ ሲገቡ እኔ ጠጋ ብዬ ስለ ጥሙ ነገርኳት፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል። ዶክቶራዋ ጣቴን ወጋች። መሣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና መሣሪያውን አየች።

ስኳር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል እንዴ ብዬ ጠየቅኳት። የሐጃ የወረደው ወደ እኔ የወጣ መስሎኝ ነበር። አይተላለፍም አለችና ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቀላል ነበርና ሁሉን ዘረዘርኩላት፤ ከትራስ ሥሩ ብስኩት እስከ ሟቹ ኮት ኪስ። ዶክቶራዋ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ቀና ስትል ግን አልሳቀችም። በሽታው በጣፋጭ ብቻ እንደማይመጣ፣ ዘርም የሰውነት ክብደትም ድርሻ እንዳለው፣ ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት ሙሉ ስኳር ውኃ ውስጥ መዋሌ እንዳልረዳኝ አስረዳችኝ። ክኒን ጻፈችልኝ። ጣፋጭ ኸላስ አለች፤ አበቃ። ሻይ ያለ ስኳር። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ። ከሦስት ወር በኋላ ከሐጃ ቀጠሮ ጋር እንድመጣና ካልወረደ መርፌ እንደምትጀምርልኝ ነገረችኝ።

መርፌው ስለሚያም አልነበረም የፈራሁት። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ፍሪጁን ደግሞ ጠዋት ጠዋት የምትከፍተው አስተማሪዋ ናት። ክኒን ምስር ጣሳ ውስጥ ይደበቃል። ፍሪጅ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይደበቅም።

መደበቁ ለምን አስፈለገ ለሚለኝ፣ ሁለት ቤት አልፎ የምትሠራ የአገሬ ልጅ ነበረች። ኩላሊቷን አመማትና አሠሪዎቿ አዘኑላት፤ አዝነውም በሳምንቱ ‹‹ለጤናሽ ነው›› ብለው ትኬት ቆርጠው ሸኟት። ማንም ክፉ አልነበረም። እሷ ግን ሥራ አጥታ አገሯ ገባች። እኔ ደግሞ ወሎ ሆነው በእኔ ተስፋ የሚማሩ ሁለት ታናናሾች አሉኝ። ሦስት ወር ተሰጥቶኛል፤ በሦስት ወር ውስጥ ስኳሬን ሰው ሳያውቅ ካላወረድኩ እኔም እንደ እሷ ታዝኖልኝ መሄዴ ነው።

ክኒኑ ቀላል ነበር። ሻዩ ከባድ ነበር፤ ኤደን ሻይ ማለት ወተቱም ስኳሩም አብረው ድስት ውስጥ የሚንተከተኩበት ነው፤ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቆጥቷል። ጥርሴን አመመኝ አልኩ። አስተማሪዋ ጥርሴን ልታይ ስትጠጋ አፌን ዘጋሁ። ፍተሻውንም አቆምኩ። ስፌት መኪናው አጠገብ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ፤ የኮቱን አቧራ በሩቁ አራግፋለሁ። ካገኘሁ እንደምበላ አውቃለሁ፤ ራሴን ከማመን አለማየት ይሻላል ብዬ ነው። ሐጃንስ ማን ይጠብቅ ብዬ አንድ ሁለቴ ሐሳብ ገብቶኛል። ውጤታቸው ጥሩ ነው፣ ሦስት ወር ምን ያመጣል ብዬ ተውኩት።

ከሁሉ የከፋው የእግር መንገዱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላል ግን ሦስት ልጅ አያለብስም። ከፈጅር ሶላት በኋላ ዳቦ፣ ፉል፣ ሻይ። ከዚያ የመሐለኛው ልጅ አንድ ካልሲ ፍለጋ፤ ይህ ብቻውን እንደ ስፖርት ቢቆጠርልኝ ኖሮ አትሌት በሆንኩ። ከዚያ ጽዳት፣ እጥበት፣ ጣሪያ ላይ ልብስ ማስጣት፣ ዓሣ፣ ሩዝ፣ የምሳ ሳህን። ለዶክቶራዋ ይህን ሁሉ ቆጥሬላት ስራመድ ነው የምውለው ብያት ነበር። ሳትቆሚ የምትሄጂው ስንት ነው አለችኝ። ከወጥ ቤት እስከ ጣሪያ አልኳት። እሱ አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት ሳትቆሚ እስኪያልብሽ አለች። ኤደን ውስጥ ቁጭ ብዬም ያልበኛል አልኳት። 

ያገኘሁት ክፍተት ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ልጆቹ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ አስተማሪዋ ደብተር ታርማለች። ለሐጃ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ሱቁን አልፌ ስሄድ ባለሱቁ ምን ጎድሎ ነው ብሎ ተጣራ። መልስ ሳልሰጥ ፈጠን ፈጠን ማለት ጀመርኩ። ደባብ የሚሏት ትንሽ ሚኒባስ አጠገቤ ቆማ ጥሩንባ ነፋች፤ አይ አልኩ። ሁለተኛዋ ቆመች። ሦስተኛው ሹፌር ገንዘብ የሌለኝ መስሎት በነፃ ግቢ አለኝ። ባዶ እጇን፣ በዚያ ሙቀት፣ ወደ የትም ሳትሄድ የምትሄድ ሴት እዚያ ሰፈር ታይታ አትታወቅም። ተመልሼ ስመጣ ሐጃ በአንድ እጃቸው መቁጠሪያ፣ በሌላው ስልክ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ከእኔ ቀድሞ ወሬው ደርሷቸዋል፦ ሐበሺያዋ ጠፋች። ሽንኩርት ልገዛ ነበር አልኩ። ሽንኩርቱስ ቢሉኝ የለም አልኩ። ከኋላቸው ያለው ቅርጫት በሽንኩርት የተሞላ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ብልሃቱ መጣልኝ። የሐጃ ታናሽ እህት መንሱራ ውስጥ በሌላኛው ጫፍ፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ይኖራሉ። ሐጃ ከቤታቸው ምግብ ሌላ ቤት ካልደረሰ የበሉ አይመስላቸውም፤ በየጊዜው ለእህታቸው ሳህን ይልካሉ፤ ሳህኑን የሚያደርሰው የአስተማሪዋ ባል በመኪና ነበር። እኔ ላድርስ አልኩ። በየቀኑ። የተሸፈነ ሳህን የያዘች ሴት ኤደንን ከዳር እስከ ዳር ብታቋርጥ የት ትሄጃለሽ የሚላት የለም። ባለሱቁ ሰላምታ ሰጠኝ፣ ሹፌሮቹ ተዉኝ። ሃያ ደቂቃ መሄጃ፣ ሃያ ደቂቃ መመለሻ፤ ዶክቶራዋ ከጠየቀችው በላይ። በሳምንቱ እግሬ መንገዱን ለመደው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሳልወጣ የቀረሁ ቀን እንቅልፍ ከለከለኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀኑን ሙሉ የሰው ስሆን ውዬ ያቺ አርባ ደቂቃ የእኔ ነበረች።

አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር። እዚያ አገር የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። የእኛም አገር እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ መርሳቴ ያሳፍራል። የሐጃ እህት ደግሞ ጣፋጭ በመሥራት ከሰፈር አንደኛ ናቸው። ሩዝ ይዤ ሄጄ ባስቡሳ ይዤ እመለሳለሁ። ዓሣ ይዤ ሄጄ ሙሸበክ ይዤ እመለሳለሁ፤ እንደ መረብ ተጠላልፎ የተጠበሰ፣ ሲነከስ ስኳር ውኃው አገጭ ላይ የሚወርድ። ስኳር ላወርድ ወጥቼ ስኳር ተሸክሜ እገባለሁ። ቤት ባስገባው የሐጃ አፍ አለ። መንገድ ላይ ልጨርሰው ብል የእኔ አፍ አለ።

መፍትሔው በጎረቤታችን ፍየል በኩል መጣ። መንሱራ ውስጥ ፍየሎች እንደ ነዋሪ ናቸው፤ በየመንገዱ ይዞራሉ፣ ካርቶን ይበላሉ፣ ጥላ ካገኙ ይተኛሉ። ይቺ አንድ ጆሮዋ ቡኒ የሆነች ፍየል ከቤታችን ማዶ ካለው ግድግዳ ሥር ስታየኝ ቆመች። እኔም አየኋት። ፍየልም የአላህ ፍጥረት ናት፤ ለፍየል መስጠት መጣል አይደለም። ባስቡሳውን ወረቀት ላይ አድርጌ አስቀመጥኩላት። ካርቶን ለለመደች ፍየል ይህ ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በማግስቱ ቆማ ጠበቀችኝ። በሳምንቱ ከመንገዱ አጋማሽ መጥታ ተቀበለችኝ። ባለቤቷ ሽማግሌ ፍየላቸው ምን አግኝታ እንዲህ ወፈረች እያሉ ለሰው ሁሉ ያሳዩ ነበር።

ሐጃ እህቴ ምን ላከች ይሉኛል። ሰላም ብለዋል እላቸዋለሁ። ሌላ አልላከችም? ሰላም ብቻ። ሐጃ ወደ መቁጠሪያቸው ይመለሳሉ። ያሳዝኑኝ ነበር፤ ታናሽ እህታቸው የረሷቸው እየመሰላቸው ነው። ነገር ግን ቀጠሮው እየቀረበ ነው፤ ዐባያዬም ሰፍቶኛል፤ ከዚህ በኋላ ወዴት ልመለስ?

ሁለት ወር እንዳለፈ አንድ ቀን ከመንገድ ተመልሼ ስገባ ሐጃ ስልክ ላይ ናቸው። ድምፃቸው ከፍ ብሏል። እህትየው ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ጣፋጭ ስልክልሽ አንድ ቀን እንኳ እጅሽ ይባረክ አላልሽኝም፣ እጄ እንዲህ ከፋ ወይ ብለው እየወቀሷቸው ነበር። ሐጃ የምን ጣፋጭ ይላሉ። አስተማሪዋ ደብተሯን አጥፋ እኔን ታያለች። ባዶ ሳህን ታቅፌ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ስልኩ ተዘጋ። አስተማሪዋ በየቀኑ የመጣው ጣፋጭ የት ገባ አለች።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። በልቼዋለሁ ካልኩ ሌባ ነኝ። አልበላሁም ካልኩ ለምን ተብዬ እጠየቃለሁ፣ መልሱም በሽተኛ ነኝ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ትኬት ያደርሳሉ። ሌባ ተብዬ ከምሄድ ታምሜ ልሂድ አልኩ በልቤ፤ የተዋሂዋ ቦርሳዬ ወለል ላይ እንደተገለበጠ ታየኝ።

ፍየል ነው የበላችው አልኩ።

አስተማሪዋ የተማሪዎቿን ሰበብ የለመደ ጆሮ አላት፤ ዐይኗን ጨፈነች። ግን ዕድሌ ሆኖ ያን ቀን እህትየው ተቀይመው ሳህኑን ባዶውን ስለመለሱት ፍየሏ የለመደችውን አጥታ በራችን ላይ ቆማ እየጮኸች ነበር። ሦስታችንም ወጣን። ፍየሏ አስተማሪዋን አልፋ፣ ሐጃን አልፋ፣ አፍንጫዋን ሳህኑ ላይ ተከለች። ሐጃ ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። አስተማሪዋም ልትስቅ ደርሳ ተወችው፤ ለምን አለችኝ፤ ንጹሕ ምግብ ለፍየል ለምን?

‹‹ስኳር ስላለብኝ ነው›› አልኩ።

ከዚያ በኋላ አፌ አልዘጋ አለኝ። ጥሙን፣ የክሊኒኩን ነገር፣ ምስር ጣሳ ውስጥ ያለውን ክኒን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የወረስኩትን ጣፋጭ ወጥ ቤት ቆሜ እንዴት እንደበላሁት ሁሉንም ተናገርኩ። አስተማሪዋ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። አዘነችልኝ። በቀስታ፣ ሥራው ከባድ እንደሆነ፣ ሙቀቱም ለታመመ ሰው ጥሩ እንዳልሆነ፣ ምናልባት አገሬ ከእናቴ አጠገብ ብታከም እንደሚሻል፣ ለጤናዬ ብላ እንደሆነ ነገረችኝ። እንደዚያች የአገሬ ልጅ አሠሪዎች ቃል በቃል ‹‹ለጤናሽ ነው›› አለችኝ። 

ሐጃ ወደ ምንጣፋቸው ተመልሰው ተቀምጠው ነበር። መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው›› አሉ። ልጃቸው ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሐጃ ግን የሚያዩት እኔን ነበር። ‹‹ልጄ፣ ያ ቢንቲ፣ እኔ ጣፋጭ ካስጠላኝ ቆይቷል። ቴምር ስሰጥሽ በቃኝ ትያለሽ። ኬክ ስቆርስልሽ ጠገብኩ ትያለሽ። ስደብቀው ግን አግኝተሽ ትበያለሽ። ወጥ ቤት ስትበይ አይቼሻለሁ። ከሰው አገር የመጣች ልጅ ናት፣ በእጇ አትቀበልም፣ እንግዲህ በዚህ ትብላ ብዬ ነው የደበቅኩት።››

 ሦስት ዓመት ሙሉ የኮራሁበት ፍተሻ! ለካ የስፌት መኪናው መሳቢያ ሁልጊዜ ገርበብ ብሎ የሚቀረው እኔ እንዳገኘው ተብሎ ኖሯል። ለካ ‹‹አላህ ይይልሽ›› ሲሉኝ ከንፈራቸው ጥግ ላይ የማየው ነገር ሳቅ ነበር። እኔ ስጠብቃቸው እሳቸው ሲቀልቡኝ ነው የኖርነው። መናደድ ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም፤ አለቀስኩ። እናቴ እንኳ እንዲህ ተጨንቃ አብልታኝ አታውቅም፤ እኛ ቤት ያለው አንድ ማዕድ ነው፣ የቀደመ በላ። ሐጃም አለቀሱ፤ ሱክሩን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ እያሉ። ዶክቶራዋ ዘርም አለበት ብላለች፣ አያቴም ውኃ ይጠማቸው ነበር እያልኩ ማጽናናቱ በእኔ ላይ ወደቀ። አስተማሪዋ መሐላችን ቆማ ለማን መሐረብ እንደምትሰጥ ግራ ገባት።

በኋላ አስተማሪዋ ስለ ትኬቱ ነገር ደግማ ልታነሳ አፏን ስትከፍት ሐጃ እጃቸውን አነሱ። ድምፃቸውን አልጨመሩም።

‹‹ይህቺ ልጅ ከዚህ ቤት የምትወጣው በእግሯ ልትዞር ብቻ ነው። ዐስር ተሰግዶ እስከ መግሪብ ሰዓቱ የእሷ ነው። ሳህን ካለ አንቺ እጠቢው፣ ባልሽም አለ።››

ይህን ያሉት ባልየው ጫቱን ይዞ ከተቀመጠበት ክፍል በር አጠገብ ሆነው ነው። ከውስጥ ሳል ተሰማ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የከሰዓቱን የሻይ ብርጭቆ እሱ ያጥብ ነበር፤ ሁለት ሰበረ፣ ማንም ምንም አላለውም።

የቀረውን አንድ ወር በግልጽ ሄድኩ። ክኒኔን ከምስር ጣሳ አውጥቼ ከሐጃ ክኒን ጎን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። አስተማሪዋ ወረቀት አስምራ የሄድኩበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ታርምልኝ ጀመር፤ ያልሄድኩ ቀን ምክንያቱን ትጠይቃለች። ሐጃም አንዳንድ ቀን እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ይሸኙኝና ጉልበታቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

ቀጠሮው ደረሰ። ክሊኒኩ እንደገባን ደም የምትወስደው ነርስ እንደ ወትሮው የሐጃን ጣት ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ሐጃ እጃቸውን ከጥቁር ሻርፓቸው ሥር ሸጎጡ። ዛሬ የመጣነው ለእሷ ነው አሉ። ነርሷ የእኔን ጣት ወጋች። ዶክቶራዋ ውጤቱን አይታ ወረቀቷ ላይ ጻፈች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ መርፌ አያስፈልግም አለች። በዚሁ ቀጥዪ። ሐጃ አልሐምዱሊላህ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሲያብሱ ጣታቸው ብቅ አለና ነርሷ ያዘቻቸው።

ወጋቻቸው። ዶክቶራዋ መሣሪያውን አየች፣ ሐጃን አየች፣ እንደገና መሣሪያውን አየች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ምን ተፈጠረ አለች፤ ከሦስት ወር በፊት እንደዚያ ያለ ውጤት ነበረዎት። ሐጃ ወለሉን ያያሉ። ቀስ ብለው ተናዘዙ። እኔ መፈተሽ ሳቆም የደበቁት ጣፋጭ ባለበት ይቆይ ጀመር። የተቀየምኳቸው መስሏቸው የተሻለ ጣፋጭ፣ የተሻለ ቦታ ይደብቁ ነበር። አሁንም አላነሳሁትም። መጣሉ ደግሞ ሐራም ነው። ስለዚህ በሉት፤ መጀመሪያ እንዳይባክን፣ በኋላ ግን አፋቸው ለመደ። እኔ ከተናዘዝኩ በኋላ እንኳ አልተዉትም ነበር።

ዶክቶራዋ ለሐጃ ሦስት ወር ሰጠቻቸው። ጣፋጭ ኸላስ፣ በየቀኑ የእግር መንገድ፣ ካልሆነ መርፌ። እኔ በአንድ በኩል በራሴ ውጤት ደስ ብሎኛል፣ በሌላ በኩል ጥበቃዬን ትቼ የሰው ነፍስ አደጋ ላይ መጣሌ አንጀቴን አሳርሮኛል። ስንወጣ ደረጃው ላይ ሐጃ እጅጌዬን ያዙ። ፊታቸው ፍርሃት ነበረበት፤ እንዲህ ሲፈሩ አይቻቸው አላውቅም።

‹‹ያ ቢንቲ፣ ለልጄ እንዳትነግሪያት›› አሉኝ። ‹‹መርፌ ከመጣ ፍሪጅ ውስጥ ታየዋለች። ታስጨንቀኛለች። በእኛ መሐል ይቅር።››

አልነግርም አልኳቸው። እጃቸውን ይዤ ቀስ እያልን በእግራችን ተመለስን፤ ሁለት ቦታ አረፍን። ቤት እንደገባን ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ለአስተማሪዋ ነገርኩባቸው።